ናቪጌሽኑ በጉዞ ላይ እንዲከፈት ሽቦ ማስቆረጥ ይበጃል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በሁለተኛ እጅ የገዛኋት የ2012 ሞዴል ቶዮታ ሃይላንደር ከፋብሪካ የተገጠመላት ናቪጌሽን አላት። ይሁን እንጂ መኪናዋ መንቀሳቀስ እንደጀመረች የአድራሻ ማስገቢያው ይደበዝዛል፤ ቢነኩትም አይሠራም። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ አድራሻውን ልታስገባልኝ እየቻለች፣ ለዚህ ብለን መንገድ ዳር መቆማችን ያስመርረኛል። አንድ ጋራዥ በ150 ዶላር አንዲት ሽቦ ቆርጦ ማብሪያና ማጥፊያ ሊገጥምልኝ እንደሚችል ነግሮኛል። በመኪናዬ ላይ ጉዳት ያደርሳል? በሕግስ ያስጠይቀኛል? እርስዎ ቢሆኑ ያስደርጉታል? ደግሞም ቀስቷ አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ ስለምትቀር ምክንያቱን ቢነግሩኝ።»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ ይህን ጥያቄ በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ ከሚነዱ ወገኖቻችን ደጋግሜ ስለሰማሁት፣ አንድ ጊዜ በሰፊው ብመልሰው ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። አስቀድሜ አጭሩን ልንገርዎ፦ ጋራዡ የነገረዎት ሥራ በእርግጥ ይሠራል፤ እገዳውም ይነሣል። ነገር ግን የሚቆረጠው ሽቦ ናቪጌሽኑ መኪናዋ የት እንደደረሰች የሚያውቅበት ሽቦ ነው። በመሆኑም በጉዞ ላይ አድራሻ ለማስገባት የሚያስችልዎት ያው ማብሪያ፣ ያስገቡት አድራሻ ዘንድ በቀና መንገድ እንዳይደርሱ ያደርግዎታል። እኔ ብሆን አላስደርገውም፤ ደንበኛ ሲጠይቀኝም እሺ ማለት ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። ምክንያቴን ከሽቦው ልጀምር።

መኪናዋ መቆሟን ወይም መሄዷን ስክሪኑ በራሱ አያውቅም፤ ሌላ ክፍል ሊነግረው ይገባል። በእርስዎ መኪና ዘመን በተሠሩ ብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ይህን ወሬ የሚያደርሰው ከፍጥነት መለኪያው ተነሥቶ ወደ ናቪጌሽኑ የሚገባ አንድ ቀጭን ሽቦ ነው። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው፣ ጎማው በዞረ ቁጥር የሚመላለስ የኤሌክትሪክ ምት ነው። በጃፓን መኪኖች ዘንድ በቆየው ልማድ መሠረት በአንድ ኪሎ ሜትር 2548 ምት ይቆጠራል፤ ይህም ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ መኪናዋ 39 ሳንቲ ሜትር ያህል ትጓዛለች ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በየሴኮንዱ 42 ያህል ምት ለናቪጌሽኑ ይደርሰዋል። ምቱ ሲመጣ መሣሪያው «እየሄድን ነው» ብሎ የአድራሻ ማስገቢያውን ይዘጋል፤ ምቱ ሲቋረጥ «ቆመናል» ብሎ ይከፍታል። ጋራዡ ሊያደርግልዎ ያሰበው ይህን ምት በፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ ነው፤ መሣሪያው መኪናዋ በመቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየበረረችም ቢሆን የቆመች ይመስለዋል።

ይህ ሽቦ ግን የተዘረጋው ለእገዳው ሲባል አይደለም። ናቪጌሽን ሥፍራውን የሚያውቀው ከሳተላይት ብቻ ነው ብለን የምናስብ ብዙዎች ነን፤ ከፋብሪካ ለሚገጠመው መሣሪያ ግን ይህ ግማሹ እውነት ብቻ ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ የሚደርሰን ሲግናል እጅግ ደካማ ነው፤ ዋሻ ሲገቡ ይጠፋል፣ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ሲያልፉ ደግሞ ከግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ ርቀቱን ያሳስታል። ስለዚህ መሣሪያው ሁለት ረዳቶች ተሰጥተውታል። አንደኛው መኪናዋ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ምን ያህል እንደዞረች የሚለካ ጋይሮ ነው፤ ሁለተኛው ምን ያህል ርቀት እንደሄደች የሚቆጥርበት ያ የፍጥነት ምት ነው። አቅጣጫና ርቀት ከታወቁ ሳተላይት ባይኖርም ሥፍራው በስሌት ይገኛል፤ ስሌቱም በካርታው ላይ ካሉት መንገዶች ጋር እየተመሳከረ ይታረማል።

እርስዎ በየዕለቱ ሊያልፉባቸው የሚችሉ ሁለት ቦታዎችን ላንሣልዎ። በዋሽንግተን መሃል ከናሽናል ሞል ሥር በሚያልፈው የ3ኛ ጎዳና ዋሻ ውስጥ፣ ሳተላይት ጨርሶ በማይታይበት፣ መውጫዎች ተከታትለው ይመጣሉ። በዚያ ሰዓት «አሁን ወደ ቀኝ ይያዙ» ለማለት መሣሪያው የሚተማመነው በምቱ ቆጠራና በጋይሮው ብቻ ነው። በጆርጅታውን ደግሞ የኬይ ጎዳና ከኋይትኸርስት ፍሪዌይ ሥር ይሄዳል፤ ሁለቱ መንገዶች አንዱ ከአንዱ በላይ ስለተዘረጉ ከሰማይ ለሚመለከት አንድ መሥመር ይመስላሉ። ከየትኛው መግቢያ ገብተው ምን ያህል እንደተጓዙ ያልቆጠረ መሣሪያ፣ ከላይ ይሁኑ ወይስ ከታች በቀላሉ ሊለይ አይችልም። ምቱ የተቋረጠበት ናቪጌሽን እንዲህ ባለ ቦታ የሚሰጠውን መመሪያ ከሚከተሉ ይልቅ ባይኖርዎት ይሻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው «ናቪጌሽኑ ሰክሯል» ብሎ መኪናውን አምጥቶልኝ ነበር። ቀስቷ በመንገዱ ላይ ቆማ ትቆይና በድንገት ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ዘላ ትደርሳለች፤ አንዳንዴም ከሀይዌዩ ወጥታ በአጠገቡ ባለው የሠፈር መንገድ ላይ ትሄዳለች። አንቴናውን መረመርኩ፣ ካርታውን አየሁ፣ ደህና ናቸው። በመጨረሻ ናቪጌሽኑ ያለበትን ሬዲዮ ሳወጣው የፍጥነት ሽቦው ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሰውየው መኪናውን የገዛው ከሌላ ሰው ስለነበር የተደረገውን ጨርሶ አያውቅም። እርስዎም የእርስዎ ቀስት ወደ ኋላ እንደምትቀር ስለጻፉልኝ፣ ስለዚህ ጉዳይ በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

የሽቦው መቆረጥ ከካርታው በላይም ይሄዳል። ያው የፍጥነት ምት እንደ መኪናው ዓይነት ወደ ሌሎች ክፍሎችም ይከፋፈላል፤ ፍጥነት ሲጨምር የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ የሚያደርገው አሠራር አንዱ ነው። ባለሙያው ሽቦውን በናቪጌሽኑ መሰኪያ አጠገብ ከቆረጠው ጉዳቱ በናቪጌሽኑ ላይ ይቀራል፤ ቅርንጫፉ ከመከፈሉ በፊት ከላይ ከቆረጠው ግን ሌሎቹም አብረው መረጃ ያጣሉ። በተጨማሪም መሣሪያው ጎማ ሲቀየር ወይም ሲያልቅ የአንድ ምት ርቀት በጥቂቱ እንደሚለወጥ ስለሚያውቅ፣ ከሳተላይት የሚያገኘውን ርቀት ከምቱ ቆጠራ ጋር እያነጻጸረ ራሱን ያርማል። ምቱ አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ ሲያስቸግረው ይህ የተማረው ስሌት ይበላሽበታል፤ ስለዚህ ማብሪያው ወደ ትክክለኛው ቦታ ከተመለሰ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይሳሳታል።

ከሽቦ መቁረጥ ሌላ ሁለት መንገዶች እንዳሉም ሳይሰሙ አይቀሩም። በቆዩ አንዳንድ የቶዮታና የሌክሰስ ሞዴሎች የስክሪኑን ማዕዘኖች በቅደም ተከተል በመንካት የሚከፈት የጥገና ገጽ ነበር፤ በዚያ በኩል እገዳውን ማንሣት ይቻል ነበር። በኋላ በወጡት ሞዴሎች ላይ ይህ በር ተዘግቷል። ሁለተኛው በገበያ የሚሸጥ አነስተኛ ሞጁል ነው፤ በመሰኪያው መካከል ገብቶ ቁልፍ ሲጫኑ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የውሸት ወሬ ለስክሪኑ ይነግረዋል፤ ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ይመለሳል። ሽቦ ስለማይቆረጥና ማብሪያውን ረስቶ መተው ስለማይኖር ከጋራዡ ሐሳብ ይሻላል፤ ሆኖም በተከፈተበት ጊዜ ሁሉ የሥፍራው ስሌት ይቋረጣል። በአዳዲስ መኪኖች ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል፤ የፍጥነቱ ወሬ የሚተላለፈው ለብቻው በተዘረጋ ሽቦ ሳይሆን፣ ቦሽ በ1986 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ካን በሚባለው የመኪና መረጃ መሥመር ላይ ከፍሬን፣ ከሞተርና ከመሪ መልእክቶች ጋር ተቀላቅሎ ነው። በዚያ መሥመር ላይ ያልታወቀ ዕቃ ጣልቃ ማስገባት፣ ለአድራሻ ሲባል ፍሬን የሚነጋገርበትን መንገድ መነካካት ነው። ይህን ፈጽሞ አልመክርም።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ፤ የጥያቄዎ እውነተኛ ክብደት እዚህ ላይ ነውና። አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው አድራሻ ማስገባቱ ምን ክፋት አለው? በእርግጥም ምንም ክፋት የለውም። ችግሩ ስክሪኑ የማን ጣት እንደነካው መለየት አለመቻሉ ነው። መኪናዋ በፊተኛው የተሳፋሪ ወንበር ላይ ሰው መቀመጡን ታውቃለች፤ ይህ መረጃ ግን ለኤርባጉ የተዘጋጀ ነው፤ ማንም ጋራዥ «ከዚህ ሲግናል ልውሰድልዎ» ቢልዎት በፍጹም አይፍቀዱለት። አንዳንድ አምራቾች ነገሩን በብልሃት ፈትተውታል፤ መርሴዲስ በ2009 እ.ኤ.አ. በኤስ ክላስ ሞዴሉ ላይ ከሹፌሩ በኩል አንድ፣ ከተሳፋሪው በኩል ሌላ ምስል የሚያሳይ ስክሪን አቅርቧል። ዕዳው የአምራቾቹ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መፍትሔው ካለ ለውድ መኪና ብቻ መሆን አልነበረበትም።

«ተሳፋሪ ነው የሚጠቀመው» የሚለው ቃል ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ቴስላ መኪናዋ በምትሄድበት ጊዜ በመሃለኛው ስክሪን ላይ ጨዋታ መጫወት እንዲቻል አድርጎ ነበር። የሚጫወተው ተሳፋሪ መሆኑን ለማረጋገጥም ስክሪኑን መንካት ብቻ ይበቃ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. 580 ሺህ በሚሆኑ መኪኖች ላይ ምርመራ ከፈተ፤ ኩባንያውም ጨዋታው በጉዞ ላይ እንዲዘጋ ተስማማ። ብቻውን የሚነዳ ሰውም ያንኑ ማረጋገጫ ሊነካ ይችላል። የእርስዎ ማብሪያም እንዲሁ ነው፦ ባለቤትዎ አብራዎት ስትሆን ይከፈታል፤ ነገ ብቻዎን ሲሆኑ፣ ሲረፍድብዎት፣ አድራሻው ሲጠፋብዎት፣ ያው ማብሪያ በእጅዎ ሥር ነው።

የዓይን ነገር ቀላል እንዳይመስልዎ። የቨርጂኒያ ቴክ የትራንስፖርት ኢንስቲትዩት በሰሜን ቨርጂኒያና በዋሽንግተን አካባቢ፣ ማለትም እርስዎ በሚነዱባቸው መንገዶች ላይ፣ በ100 መኪኖች ውስጥ ካሜራ ገጥሞ አሽከርካሪዎችን ለአንድ ዓመት ያህል ተከታትሎ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ዓይን ከመንገድ ላይ ከ2 ሴኮንድ በላይ ሲነሣ የአደጋና ለአደጋ የመቃረብ ዕድል ቢያንስ በእጥፍ ይጨምራል። በሰዓት 55 ማይል የሚሄድ መኪና በ2 ሴኮንድ 49 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህ የእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የትራፊክ ደኅንነት አስተዳደሩ መመሪያ በመኪና ውስጥ ለሚገጠሙ ስክሪኖች ያስቀመጠው ልክ ከዚህ ጋር ይሄዳል፦ አንድ ዕይታ ከ2 ሴኮንድ፣ ጠቅላላ ሥራው ከ12 ሴኮንድ እንዳይበልጥ። መመሪያው አስገዳጅ አይደለም፤ ሹፌሩ ሊደርስበትና ሊያየው በማይችል የተሳፋሪ መሣሪያ ላይም አይሠራም። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ያስታውሱልኝ፤ ለእርስዎ የምመክረው መፍትሔ ከዚህ የሚወጣ ነው።

አድራሻ ማስገባት በ12 ሴኮንድ አያልቅም። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር ፋውንዴሽን ከዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት 30 አዳዲስ መኪኖች ተፈትነው፣ ከሌሎቹ ሥራዎች ሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደው ናቪጌሽን ላይ አድራሻ ማስገባት ሆኖ ተገኝቷል፤ በአማካይ 40 ሴኮንድ ፈጅቷል። በሰዓት 25 ማይል፣ ማለትም በመኖሪያ ሠፈር ፍጥነት፣ በ40 ሴኮንድ ውስጥ 450 ሜትር ያህል ይኬዳል። በዚህ ርቀት ውስጥ ስንት ልጅ መንገድ እንደሚሻገር፣ ስንት መኪና ከግቢ እንደሚወጣ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ እርስዎን ለመገሠጽ አይደለም፤ የተቆለፈው ገጽ ለምን ያ ገጽ እንደሆነ፣ ካርታውን ማየት ግን ለምን እንዳልተከለከለ እንዲታይዎ ነው።

ስለ ሕጉ የጠየቁኝን ልመልስ። የቨርጂኒያ ሕግ ከጥር 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየነዱ ስልክን በእጅ መያዝ ይከለክላል፤ ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ 125 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ 250 ዶላር ነው። ይህ ስለሚያዝ መሣሪያ እንጂ ከመኪናው ጋር ስለተገጠመ ስክሪን አይደለም። በፌዴራል ደረጃም ጋራዦች የደኅንነት ደረጃ የወጣለትን መሣሪያ ከሥራ ውጭ እንዳያደርጉ የሚከለክል አንቀጽ አለ፤ የናቪጌሽኑ እገዳ ግን የመጣው ከአስገዳጅ ደረጃ ሳይሆን ከአምራቾች ውሳኔና ከበጎ ፈቃድ መመሪያ ስለሆነ ሽቦውን መቁረጥ በራሱ ይህን አንቀጽ አይጥስም። ጥንቃቄ የሚያሻው፣ ብዙዎቹ ሞጁሎች ከአድራሻው ጋር ቪዲዮንም አብረው መክፈታቸው ነው። በጉዞ ላይ ለሹፌሩ የሚታይ ፊልም ማሳየት በቨርጂኒያ የተከለከለ ነው።

ከቅጣቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ወገኖቻችንም አያውቁትም። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ራሱም በከፊል ጥፋተኛ ቢሆን ካሳው በጥፋቱ ልክ ይቀነስበታል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይቀርበትም። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ግን አሮጌውን ደንብ ይዘው ከቀሩት ጥቂቶች መካከል ናቸው፦ ለአደጋው በጥቂቱም ቢሆን አስተዋጽኦ ያደረገ ሹፌር ከሌላው ወገን ካሳ የማግኘት መብቱን ጨርሶ ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ ቀይ መብራት ጥሶ የመጣ ሰው ቢመታዎት፣ የሌላው ወገን ጠበቃ መኪናዎን አስመርምሮ በዳሽቦርድዎ ሥር የተደበቀ ማብሪያ ቢያገኝ፣ «ይህ ሰው ለምን አስገጠመው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በ150 ዶላር ለራስዎ መጥፎ ምስክር እንደማስቀመጥ ነው። ስለ ዋስትና ግን አይጨነቁ፤ የ2012 መኪና የፋብሪካ ዋስትናዋ ካለቀ ቆይቷል።

የዕቃውን ዕድሜም ያስቡበት። በመኪናዋ ውስጥ ያለው ካርታ ካልታደሰ የ2012 አካባቢውን ዓለም ነው የሚያውቀው። በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. የተከፈቱትን የ95 አውራ ጎዳና ፈጣን መሥመሮች፣ በኅዳር 2019 ወደ 395 አውራ ጎዳና የተቀጠሉትን፣ በኅዳር 2022 ከቤልትዌይ (ዋሽንግተንን ከሚዞረው ቀለበት መንገድ) ውጭ በ66 አውራ ጎዳና ላይ የተከፈቱትን አያውቃቸውም። ከአሌክሳንድሪያ ለሚነሣ ሰው እነዚህ መንገዶች የየዕለት ኑሮ ናቸው፤ ስፕሪንግፊልድ ላይ ያን የተጠላለፈ መጋጠሚያ ስታልፉ አሮጌ ካርታ የሚሰጠው ምክር ምን እንደሚመስል መገመት ይችላሉ። ላረጀ ካርታ በር ማስከፈቻ ገንዘብ ማውጣት ለእኔ አይታየኝም።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ገንዘብ የማይጠይቀውን ላስቀድም። ባለቤትዎ የራሳቸውን ስልክ በብሉቱዝ ከመኪናዋ ጋር ያገናኙ፤ አድራሻውን በስልካቸው ላይ ያስገቡ፤ ስልኩን በእጃቸው ይዘው መንገዱን ይከታተሉ፤ የመመሪያው ድምፅ በመኪናዋ ስፒከር ይውጣ። አሮጌ የብሉቱዝ ግንኙነት የስልክ ጥሪ ድምፅ ብቻ የሚያስተላልፍ ከሆነ በስልኩ የካርታ መተግበሪያ ማስተካከያ ውስጥ «እንደ ስልክ ጥሪ አጫውት» የሚለው ምርጫ ይረዳል። ከላይ ያስታውሱልኝ ያልኩት የመመሪያው ነጥብ ይኸው ነው፦ መሣሪያው በተሳፋሪው እጅ ነው፣ ሹፌሩ አያየውም፣ የሚደርሰው ድምፁ ብቻ ነው። እርስዎ የፈለጉት ይህንኑ ነበር፤ ሽቦ መቁረጥ ሳያስፈልግ ተገኘ።

ብቻዎን ሲነዱ ደግሞ ከፋብሪካው በመጣው ናቪጌሽን ላይ ሁልጊዜ የሚሄዱባቸውን ቦታዎች ቤትዎ ቆመው ሳለ ያስቀምጡ። በእርስዎ ዓይነቱ መሣሪያ «ቤት» የሚለውንና አምስት ፈጣን መድረሻዎችን መመዝገብ ይቻላል፤ እነዚህ በአንድ ንክኪ ስለሚመረጡ በጉዞ ላይ የማይዘጉት ዓይነት ናቸው። የሥራ ቦታዎን፣ ቤተ ክርስቲያንዎን ወይም መስጊድዎን፣ የልጆችዎን ትምህርት ቤት፣ አውሮፕላን ማረፊያውን ቢያስገቡ የሳምንቱ ጉዞ አብዛኛው ይሸፈናል። በመሪው ላይ ያለው የድምፅ ቁልፍም አለ። የዚያ ዘመን የድምፅ መቀበያ የእኛን የእንግሊዝኛ አነጋገር ለመስማት እንደሚቸገር አውቃለሁ፤ ብዙ ደንበኞቼ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው ትተውታል። ሆኖም መስኮት ዘግተው፣ ማራገቢያውን ዝቅ አድርገው፣ ከተማውን፣ ጎዳናውንና የቤት ቁጥሩን ለየብቻ እየከፈሉ፣ ቁጥሩንም አኃዝ በአኃዝ ቢናገሩት በጣም ይሻሻላል።

ገንዘብ ማውጣት ካሰቡ ያንን 150 ዶላር ይያዙና ጥቂት ጨምረውበት ሬዲዮውን ራሱን አፕል ካርፕሌይና አንድሮይድ ኦቶ (የስልክዎን ካርታ በመኪናው ስክሪን ላይ የሚያሳዩ አሠራሮች) በሚቀበል ስክሪን ያስቀይሩት። በየጊዜው የሚታደስ ካርታና የዛሬውን የስልክ ድምፅ መቀበያ ያገኛሉ፤ ይህም ከ2012ቱ ጋር አይወዳደርም። ሲያስገጥሙ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የመሪው ቁልፎችና የኋላ ካሜራው ሥራቸውን እንዳያጡ የሚያስፈልገው ማገናኛ ይገጠም። ዳሽቦርዱ ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይጠበቅ፤ በአካባቢው የኤርባግ ሽቦ ስለሚያልፍ የቶዮታ የጥገና መጽሐፍም የሚያዝዘው ይህንኑ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ ከእነዚህ ስክሪኖች ጋር የእጅ ፍሬኑ መያዙን የሚያውቅ አንድ ሽቦ አብሮ ይመጣል፤ ብዙ ገጣሚዎች ጊዜ ለመቆጠብ ከእጅ ፍሬኑ ጋር ከማገናኘት ይልቅ ከመኪናው ብረት ጋር ያስሩትና መኪናዋ ሁልጊዜ የቆመች አስመስለው ይተዉታል። የሸሹት ነገር በሌላ በር ገባ ማለት ነው። በቦታው እንዲያገናኙት በግልጽ ይንገሯቸው።

አሁን ወደ ቀስትዎ ልመለስ። አንድ ቀላል ፈተና ያድርጉ፦ ባለቤትዎ ስክሪኑን እየተመለከቱ፣ እርስዎ እየነዱ በ3ኛ ጎዳና ዋሻ ውስጥ ይለፉ። ቀስቷ በዋሻው ውስጥም ከመኪናዋ ጋር እኩል ከሄደች የፍጥነት ምቱ ደህና ነው፤ ወደ ኋላ መቅረቷ ከአንቴናው ወይም ጎማ ከተቀየረ በኋላ ካልታረመ ስሌት የመጣ ይሆናል። በማስተካከያው ገጽ ውስጥ የጎማ ለውጥ ማስተካከያ የሚለውን አስጀምረው ሰማይ በሚታይበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዱ። ቀስቷ ግን ዋሻው አፍ ላይ ቆማ ቀርታ ሲወጡ ዘላ ብትደርስ፣ ቀድሞ የነበረው ባለቤት ሽቦውን እንዳስቆረጠ ይጠርጥሩ። በተለይ መኪናዋ እየሄደች ሳለ የአድራሻው ገጽ አንዳንዴ ተከፍቶ አግኝተውት ከሆነ ምልክቱ ይጠነክራል። በዚያ ጊዜ ለታመነ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ወስደው ሬዲዮው ወጥቶ መሰኪያው ይታይ፤ የተቆረጠው በብየዳ ተገናኝቶ በሙቀት በሚጠብቅ ፕላስቲክ ይሸፈን፤ በሽቦው መሃል የተጨመረ ማብሪያ ካለም ከነሽቦው ይውጣ። ሥራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።